የጥርስ ራጅ፦ ልንፈራው ይገባናልን?

(በሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት የተዘጋጀ)

በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ብዙ ስለሚወራበትና ብዙ ስለሚፈራ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። ጉዳዩ የጥርስ ራጅ ነው። «ራጅ መነሳት ካንሰር ያመጣል»፣ «ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል»፣ «ዘር ያመክናል» ሲባል ያልሰማ የለም። ነገሩ እውነት ነውን? ከሆነስ ሐኪሞች ለምን ያዙታል? ካልሆነስ ባለሙያው ቁልፉን ሊጫን ሲል ለምን ከክፍሉ ይወጣል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

ነገራችንን ከቤታችን እንጀምር

እንበልና በጎንደር ከተማ፣ ወይም በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ በአንድ ቤት ውስጥ የስድስት ወር ሕፃን አተኮሰው፤ ተቅማጥ ያዘው፤ ጡትም እንቢ አለ። አያት ጣታቸውን ወደ ሕፃኑ አፍ ሰደው ድዱን ይዳስሱና «ልጄ፣ ይኸ ግግ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይውጣለት» ይላሉ። እናት ልቧ ይፈራል፤ ነገር ግን «እማዬ ካሉማ» ብላ ዝም ትላለች። ግግ አውጪው ይጠራል። በምላጭ ወይም በሹል ብረት ድዱ ይሰነጠቅና ለስላሳ ነጭ ነገር ይወጣል። «ይኸው፣ ልጁን ሊገድለው የነበረው ይህ ነው» ተብሎም ይታያል።

ያ ለስላሳ ነጭ ነገር ትልም በሽታም አይደለም። ገና ያልጠነከረች፣ በድድ ውስጥ ተኝታ የመብቀያዋን ጊዜ የምትጠብቅ የሕፃኑ የክራንቻ ጥርስ ናት። ድዱ በዚያ ቦታ ማበጡም በተፈጥሮ የሚሆን ነው። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ የሚበዛው ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ ስለሚጀምር፣ መዳህ ስለሚጀምርና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከት ነው። ሕክምናውም በምላጭ ሳይሆን ጡት ባለማቋረጥ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ በመስጠት፣ ዚንክ በመጨመርና ቶሎ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ በመውሰድ ነው። ግግ ማስወጣት ግን ደም መፍሰስን፣ መመረዝን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ምላጩ የጋራ ከሆነም ኤች አይ ቪን ያስከትላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የሕፃናትን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጡ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያስቀጣል።

እንግዲህ ያ ሕፃን በአላህ እርዳታ ድኖ አደገ እንበል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንዱ ክራንቻ ጥርሱ አልበቅል አለ፤ ሌላውም ተጣሞና ተሸርፎ ወጣ። ወደ ሐኪም ሲወሰድ ሐኪሙ «ራጅ ይነሳና እንየው» ይላል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ «አይሆንም! ራጅ ልጁን ይጎዳዋል» ብሎ ይነሳል። ውድ አድማጮች፣ ነገሩን ልብ በሉልን። ድዱ በምላጭ ሲሰነጠቅ ያልተፈራለት ልጅ፣ ከድዱ ሥር ያለውን በሚያሳይ ፎቶግራፍ ይፈራለታል። የዛሬው ንግግራችን ሁሉ ይህችን የተገለበጠች ፍርሃት ለማስተካከል ነው።

ይህ ከራሳችን አገር ልጆች የታየ ነው። አብዛኞቹ ከጎንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች፣ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈው አውጥተዋል። ብዙዎቹ ልጆች የወተት ክራንቻ ጥርሳቸው በሕፃንነታቸው የወጣ ነበር። ጉዳቱ ወደ ጎረቤት ጥርሶችና ወደ ቋሚዎቹም ተሻግሮ ታይቷል። ምክንያቱም ቋሚዋ ጥርስ የምትሠራው ከወተት ጥርሷ አጠገብ፣ በዚያው አጥንት ውስጥ ስለሆነ ነው። አጥንት ውስጥ ያለውን ደግሞ ያለ ራጅ ማየት አይቻልም።

ራጅ ምንድን ነው?

ራጅ እንደ ፀሐይ ብርሃን ያለ፣ ነገር ግን ዓይን የማያየውና ሥጋን አልፎ የሚሄድ ጨረር ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 አገኘው። ብዙም ሳይቆይ በጥር 1896 ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ በጨረሩ ፎቶ አነሳ። ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ ያለ ንቅናቄ ሃያ አምስት ደቂቃ መቆየት ነበረበት። ዛሬ በዘመናዊ መሣሪያ የሚወስደው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው።

ጨረሩ በለስላሳ ነገር ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ በጠንካራ ነገር ውስጥ ግን ይያዛል። ስለዚህ ጥርስና አጥንት በፎቶው ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ የተቦረቦረ ጥርስና በመግል የተበላ አጥንት ደግሞ ጠቆር ብለው ይታያሉ። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል። መብራት ስናጠፋ በቤቱ ውስጥ የሚቀር ብርሃን እንደሌለ ሁሉ፣ በሰውነት ውስጥም የሚቀር ጨረር የለም። ስለዚህ ራጅ የተነሳች እናት ወዲያውኑ ልጇን ልታጠባ ትችላለች። ከቤት ሰው የምትርቅበትም ምክንያት የለም።

ዓይን የማያየውን ምን ያሳያል?

ሐኪም በመስታወትና በመብራት የሚያየው የጥርስን ላይኛውን ገጽ ነው። ራጅ የሚያሳየው የቀረውን ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ በሁለት ጥርሶች መካከል ተደብቆ የሚጀምር መቦርቦር። ይህ ሳያም በፊት ቢገኝ በቀላሉ ይሞላል፤ ካመመ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ወይ የጥርስ ሥር ሕክምና ወይም መነቀል ይከተላል።

ሁለተኛ፣ በጥርስ ሥር ጫፍ የቋጠረ መግል። ሕመሙ በማስታገሻ ሊጠፋ ይችላል፤ መግሉ ግን አጥንቱን መብላቱን ይቀጥላል። ከመንጋጋ ወደ አንገት የወረደ የጥርስ መግል የመተንፈሻን መንገድ እስከ መዝጋት ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ በድድ በሽታ ምክንያት ጥርስን ከያዘው አጥንት ምን ያህል እንደተበላ።

አራተኛ፣ ከሁሉ በኋላ የምትበቅለው የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ በአጥንት ውስጥ ተጋድማ እንደሆነች፣ ሥሯም ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ ጋር ምን ያህል እንደተጠጋች። ይህን ሳያዩ የሚነቅሉ ሰዎች የታካሚውን ከንፈር ሊያደነዝዙት ይችላሉ።

አምስተኛ፣ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያድጉ እብጠቶች።

ስድስተኛ፣ ከላይ እንዳልነው በልጆች ላይ ያልበቀለች ጥርስ ከነጭራሹ አለመኖሯን ወይም ተጣማ መቅረቷን።

ይሁንና ራጅ ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። ገና የጀመረ ቀላል መቦርቦር ላይታይ ይችላል፤ የምላስና የጉንጭ ቁስልም በጥርስ ራጅ አይታወቅም። ስለዚህ ራጅ የሐኪሙን ዓይንና እጅ ያግዛል እንጂ አይተካም።

ጨረሩ ምን ያህል ነው?

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ማንም ሰው ራጅ ተነሳም አልተነሳም በየቀኑ ጨረር ይደርሰዋል። ከአፈርና ከድንጋይ፣ ከምንተነፍሰው አየር፣ ከምንበላው ምግብና ከሰማይ ይመጣል። በዓለም ላይ አንድ ሰው ከዚህ ተፈጥሯዊ ጨረር በአማካይ በዓመት 2,400 ማይክሮ ሲቨርት ይደርሰዋል። ማይክሮ ሲቨርት ማለት ሰውነት ያገኘው ጨረር የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ነው። 2,400ውን ለዓመቱ ቀናት ብናካፍለው በቀን ስድስት ተኩል ያህል ይሆናል።

ታዲያ በአፍ ውስጥ ትንሽ ፊልም ወይም መቀበያ ተደርጎ የሚነሳ የጥርስ ራጅ፣ በጥሩ መሣሪያ ሲነሳ ብዙ ጊዜ 5 ማይክሮ ሲቨርት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህም ሰው በተፈጥሮ በአንድ ቀን ከሚያገኘው አይበልጥም። ሁለቱን መንጋጋ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ትልቁ ራጅ፣ ማሽኑ በፊታችን ዙሪያ የሚዞርበት ማለት ነው፣ 20 ማይክሮ ሲቨርት ያህል ነው፤ የሦስት ቀን ተፈጥሯዊ ጨረር እንደማለት ነው። በአንጻሩ የጭንቅላት ሲቲ ስካን 2,000 ማይክሮ ሲቨርት ያህል ነው። ሁለቱም «ራጅ» ስለተባሉ አንድ አይደሉም።

የእኛ የደጋ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ብናውቅ ይጠቅመናል። ከሰማይ የሚመጣው ጨረር ከፍ ባልን ቁጥር ይጨምራል፤ ከበላያችን የሚከልለን አየር ይሳሳልና። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በደባርቅ ከፍታ የሚኖር ሰው እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ይልቅ ከሰማይ የሚደርሰው ጨረር ከእጥፍ በላይ ነው። አባቶቻችን ግን በዚህ ደጋ ወልደው ከብደው ኖረዋል። ለሐጅ ወይም ለዑምራ ከአዲስ አበባ ጅዳ በአውሮፕላን የበረረ ሰውም በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ጨረር ከአንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ ብዙ አይርቅም። «ጨረር ስላለው ሐጅ ልቅር» ያለ ሰው ግን አልሰማንም።

ታዲያ ፈጽሞ ጉዳት የለውም ማለት ነውን?

እንዲህ ብለን አንናገርም። ብዙ ጨረር ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። እንደ ጥርስ ራጅ ያለ ጥቂት ጨረር ግን የሚያመጣው ጉዳት ካለም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለይቶ ለመለካት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የጥርስ ራጅ ቶሎ ቶሎ የተነሱ ሰዎች በአንጎል ሽፋን ላይ በሚወጣ እብጠት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን ጽፎ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። ሌሎች ባለሙያዎች ግን ጥናቱ ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት ስንት ጊዜ ራጅ እንደተነሱ በሚያስታውሱት ላይ የቆመ መሆኑን፣ የጥንቱ ማሽን ጨረርም ከዛሬው እጅግ ይበልጥ እንደነበር አመልክተዋል። ከዚህ ሁሉ ባለሙያዎች የያዙት መንገድ መካከለኛው ነው፤ የሚጠቅም ከሆነ ይነሳ፣ በተቻለ መጠን በትንሹ ጨረር ይነሳ፣ ያለ ምክንያት አይነሳ።

ባለሙያው ለምን ከክፍሉ ይወጣል?

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችን እናነሳለን። መልሱ ቀላል ነው። እኛ የምንነሳው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ባለሙያው ግን በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ለብዙ ሰው ያነሳል። ለእያንዳንዱ ሰው በክፍሉ ቢቆም ጥቂቱ ተጠራቅሞ ብዙ ይሆንበታል። ለዚህም በታሪክ ምስክር አለ። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ የነበረው ኤድመንድ ኬልስ የጥርስ ራጅን በአገሩ በቀዳሚነት ከሠሩበት ሐኪሞች አንዱ ነበር። ፊልሙን በታካሚዎቹ አፍ ውስጥ በራሱ ጣት እየያዘ ለዓመታት አነሳ። በመጨረሻ እጁ በካንሰር ተያዘ፤ ጣቶቹን፣ በኋላም ክንዱን አጣ። ይህን ዋጋ የከፈለው ያነሳው ሐኪም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ፊልሙን ባለሙያው በጣቱ ሊይዝልን አይገባም፤ በመያዣ ወይም ታካሚው ራሱ ይይዘዋል።

ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናትስ?

በጥርስ ራጅ ጊዜ ጨረሩ የሚላከው ወደ መንጋጋ እንጂ ወደ ሆድ አይደለም፤ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ከምንም የማይቆጠር ነው። በመሆኑም ነፍሰ ጡር እህታችን የግድ ካስፈለጋት ራጅ መነሳት ትችላለች። እንዲያውም የጥርስ መግል ሳይታከም መቆየቱ ለእሷም ለፅንሱም የከፋ ነው። ይሁንና እርግዝናዋን ለባለሙያው መንገር አለባት፤ ሊቆይ የሚችል ራጅ ከሆነ እስክትወልድ ይቆይላታል። ዘር ያመክናል የሚለውም መሠረት የለውም።

ልጆች ሰውነታቸው በማደግ ላይ ስለሆነ ለጨረር ከአዋቂ ይልቅ ስሱ ናቸው። ስለዚህ ለልጅ የማሽኑ መጠን ይቀነሳል፤ ያለ በቂ ምክንያትም አይነሱም። ከላይ በጠቀስነው የስድስት ወር ሕፃን ድድ ላይ ራጅ አያስፈልግም፤ ድዱን መተው ብቻ ይበቃል።

በደረት ላይ ስለሚለበሰው ከባድ የእርሳስ መጎናጸፊያም እንጠየቃለን። ለረጅም ዘመን ሲደረግ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ዘመናዊ መሣሪያ ጨረሩን በሚገባ ስለሚያጠብበው መጎናጸፊያውና የአንገት መከለያው በመደበኛነት እንደማያስፈልጉ አስታውቋል። ስለዚህ ባለሙያው ቢያለብሰን አንጠራጠር፤ ባያለብሰንም አንደንግጥ።

በየስንት ጊዜ እንነሳ?

«በየስድስት ወሩ ለሁሉም ሰው» የሚባል ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በወጣው መመሪያ ጥርሱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ በጥርሶች መካከል ያለውን መቦርቦር ለማየት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ቢያልፈው ችግር የለውም፤ ቶሎ ቶሎ ጥርሱ የሚቦረቦር ልጅ ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ እንዲታይ ይመከራል። ውሳኔው ሐኪሙ አፍን ከመረመረ በኋላ የሚሰጥ ነው እንጂ ገና በር ላይ የሚታዘዝ አይደለም።

በሀብታም አገሮች ሰዎች የሚሰጉት ራጅ በዝቶ እንዳይነሳ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ችግሩ በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ብዙዎቻችን ወደ ሐኪም የምንሄደው ሌሊቱን በሕመም ካሳለፍን በኋላ ነው፤ ስንሄድም «ንቀሉልኝና ልገላገል» እንላለን። ሊድን የሚችል ጥርስ ሳይታይ ይነቀላል፤ አንዳንዴም የሚያመው ሌላው ሆኖ ጤነኛው ይነቀላል። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን እያስተማረ ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ሰው እንግዲህ ከመነቀሉ በፊት «ይህ ጥርስ ሊድን ይችላልን? ራጅ ቢነሳስ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ራጅ ስንነሳ ምን እናድርግ?

1. «ይህ ራጅ ምን ለማየት ነው? ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋልን?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

2. ቀደም ብሎ የተነሳ ራጅ ካለን ይዘን እንሂድ። ፊልሙን ወይም ምስሉን ጠይቀን እንውሰድ፤ በስልክም ፎቶ አንስተን እናስቀምጥ። ከደባርቅ ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ በተላክን ቁጥር አንዱን ጥርስ ደግሞ ደጋግሞ ከመነሳት ያድነናል፤ ገንዘባችንንም ያተርፍልናል።

3. የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ሐብልና የሒጃብ መርፌ ብረት ስለሆኑ በፎቶው ላይ ይታያሉ፤ በተለይ ለትልቁ ራጅ አስቀድሞ ማውለቅ ያስፈልጋል። እህቶቻችን ሴት ባለሙያ ካለች እንድታነሳቸው መጠየቅ ይችላሉ።

4. በሚነሳበት ሰዓት አንነቃነቅ። ፎቶው የሚበላሸውና እንደገና የሚነሳው ብዙ ጊዜ በመነቃነቅ ነው።

5. በረመዳን ለሚጠይቁን፦ በተራ የጥርስ ራጅ የሚዋጥም በመርፌ የሚሰጥም ነገር የለም። ፊልሙ በአፍ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ይወጣል። ልቡ የሚጠራጠር ሰው ዑለማዎችን ይጠይቅ፤ ካልሆነም ከመግሪብ በኋላ ወይም ከረመዳን ውጭ ቀጠሮ ይያዝ።

6. የራጅ ክፍሉ በር ላይ ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ይኖራል፤ ክፍሉም ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። በአገራችን የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ነው። ሕጉ በ2000 እና በ2009 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች ተሻሽሏል። ስለዚህ የጨረር መሣሪያ ያለ ፈቃድና ያለ ቁጥጥር ሊሠራበት አይፈቀድም።

በመጨረሻም

ከራጅ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ ጥርስን ራጅ ከሚያስፈልገው ሕመም መጠበቅ ነው። ሲዋካችንን አንተው፤ በውዱእ ጊዜ አፋችንን በሚገባ እንጉመጥመጥ፤ ከዚህም ጋር ማታ ከመተኛታችን በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እንቦርሽ። ስኳር የበዛበትን ሻይና ለስላሳ መጠጥ ለልጆቻችን ቀኑን ሙሉ አናስጎንጫቸው። ጥርስ ባያመንም እንኳ አልፎ አልፎ እንታይ።

አያቶቻችን ግግ የሚያስወጡት ልጁን ስለሚጠሉ አይደለም። ከድዱ ሥር ምን እንዳለ የሚያዩበት መንገድ ስላልነበራቸው ነው፤ በፍቅር ያደርጉት ነበር። እኛ ግን ዛሬ መንገዱ አለን። ስለዚህ እናት ሆይ፣ ነገ እማዬ «ግግ ነው» ቢሉሽ በአክብሮት እጃቸውን ስመሽ «እማዬ፣ ይቺ ጥርሱ ናት፤ ተቅማጡን በጤና ጣቢያ እናሳክመው» በያቸው። አባት ሆይ፣ ልጅህ ራጅ ይነሳ ቢባልም «ለምን?» ብለህ ጠይቅ፤ ምክንያቱን ከሰማህ በኋላ ግን በወሬ ምክንያት አትከልክለው።

አላህ ጤናውን ያብዛልን።